የሎስ አንጀለስ እስር ቤት ቁልፉ በማን እጅ ነው?

በሴፕቴምበር 2025 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሮብ ቦንታ የሎስ አንጀለስ ካውንቲን ከነሸሪፉ ከሰሱ። ምክንያቱ የካውንቲው እስር ቤቶች ናቸው። በአራት ዓመት ውስጥ ከ200 በላይ ሰዎች በእስር ላይ እያሉ ሞተዋል ይላል ክሱ። በ2025 ብቻ፣ ክሱ እስከቀረበበት ቀን ድረስ፣ 36 ሰው ሞቷል። በሳምንት አንድ ሰው ገደማ መሆኑ ነው። አይጥና በረሮ፣ የተበላሸ ምግብ፣ ንጹሕ ውሃ የማይገኝበት ክፍል፣ ሐኪም ሳያየው የሚሰነብት በሽተኛም በክሱ ተዘርዝረዋል። (እዚህ ያሉት ዓመቶችና ወሮች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እንዲህ ያለ ዜና ሲሰማ ቶሎ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው። ታዲያ ሸሪፉን ለምን አያነሱትም? ሌላም ግር የሚል ነገር አለ። ስቴት የራሱን ካውንቲ ይከሳል እንዴ? ደግሞስ ሸሪፍ ሮበርት ሉና ገና በ2022 ለውጥ አመጣለሁ ብለው የተመረጡ ሰው አይደሉም ወይ?

መልሱን ከሰዎቹ ስም ይልቅ በሥልጣኑ አከፋፈል ውስጥ መፈለግ ይሻላል። የእስር ቤቱን ቁልፍ የያዘው አንድ ሰው ነው። ገንዘቡን የያዙት ሌሎች ናቸው። ክፍሎቹን የሚሞሉት ደግሞ ሌሎች። አንዱ ሲጠየቅ ወደ ሌላው ይጠቁማል። የሚገርመው ደግሞ ጥቆማው ብዙ ጊዜ እውነትነት አለው።

ሸሪፍ ሲባል

ሸሪፍ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በካውቦይ ፊልም ያየነውን፣ ደረቱ ላይ ኮከብ ለጥፎ ብቻውን ከተማ የሚጠብቀውን ሰው ነው። የሎስ አንጀለሱ ሸሪፍ ኮከቡን ዛሬም አልተወውም። መሥሪያ ቤቱ ግን በአሜሪካ ካሉት የሸሪፍ መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ትልቁ ነው። ካውንቲው ራሱ 10 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብና 88 ከተሞች አሉት። ካውንቲ ከስቴት በታች፣ ከከተማ በላይ ያለ አስተዳደር ነው። በእኛ አነጋገር ዞን ቢባል ብዙም አይርቅም፣ ሥልጣኑና ገንዘቡ ግን ከዞን በእጅጉ ይሰፋል።

ሸሪፉ ዋና ዋና ሥራው ሦስት ነው። አንደኛ፣ የራሳቸው ከተማ አስተዳደር የሌላቸውን አካባቢዎችና በውል የቀጠሩትን 42 ከተሞች ይጠብቃል። ሁለተኛ፣ የፍርድ ቤቶችን ጸጥታ ያስከብራል። ሦስተኛ፣ እስር ቤቶቹን ያስተዳድራል።

እዚህ ላይ በእኛ ሰው ዘንድም የሚደባለቅ ነገር አለ። ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ያለው ሊትል ኢትዮጵያ በሎስ አንጀለስ ከተማ ክልል ውስጥ ነው። ስለዚህ የሚጠብቀው የከተማው ፖሊስ፣ ኤልኤፒዲ ነው። ብዙም ሳይርቁ ዌስት ሆሊውድ ሲገቡ ግን የሚያቆምዎት የሸሪፍ መኪና ነው። ማንም ይያዝዎት ማን፣ ዳኛ ፊት ቀርበው ካልተለቀቁ የሚወሰዱት ወደ አንድ ቦታ ነው። ወደ ካውንቲው እስር ቤት።

ሁለተኛው ግርታ የቋንቋ ነው። እኛ ሁሉንም "እስር ቤት" እንላለን። አሜሪካኖች ግን "ጄይል" እና "ፕሪዝን" ብለው ይለያሉ። ፕሪዝን በስቴት ወይም በፌደራል መንግሥት ሥር ያለ፣ ተፈርዶበት ረጅም ዓመት የሚቀመጥ ሰው የሚገባበት ነው። ከእኛ "ማረሚያ ቤት" ጋር ይቀራረባል። ጄይል በካውንቲ ሥር ነው። በቀጠሮ ላይ ያለ ወይም አጭር ፍርድ የተፈረደበት ሰው ይገባበታል። ወደ "ማረፊያ ቤት" ይጠጋል። በሎስ አንጀለስ ጄይሎች ካሉት ሰዎች ግማሽ ያህሉ ገና አልተፈረደባቸውም። በዋስ ቢወጡ ኖሮ ቤታቸው የሚያድሩ ናቸው።

ይህ ልዩነት በ2011 ተደበላለቀ። የስቴቱ ማረሚያ ቤቶች ከመጠን በላይ ስለተጨናነቁ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቁጥሩ እንዲቀነስ ወሰነ። ካሊፎርኒያም ከባድ ያልሆኑ ወንጀሎች የተፈረደባቸውን ሰዎች ወደ ካውንቲዎች አወረደች። ለቀናትና ለሳምንታት ተብሎ የተሠራ ቤት ለዓመታት የሚቀመጥ ሰው ይቀበል ጀመር። የሚታከምበት ቦታ፣ የሚማርበት ክፍል፣ ፀሐይ የሚሞቅበት ግቢ በቅጡ ሳይኖረው ማለት ነው።

በኢትዮጵያ ፖሊስና ማረሚያ ቤት ሁለት የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ናቸው። እዚህ ያዡም ጠባቂውም አንድ ነው። ይህ ወደ በኋላ ይመለስብናል።

ቁልፉ፣ ቦርሳውና በሩ

በካሊፎርኒያ ሕገ መንግሥት መሠረት ሸሪፍ በየካውንቲው በሕዝብ ይመረጣል። የፖሊስ አዛዥን ከንቲባ ይሾመዋል፣ ይሽረዋል። ሸሪፍ ግን አለቃው መራጩ ነው። ሐሳቡ ሲታይ ጥሩ ይመስላል። በተግባር ግን መራጩ ስለ ሸሪፍ ብዙም አያውቅም። ወንበሩ ላይ ያለው ሰው ስሙ ስለሚታወቅ ብቻ ይመረጣል። በ1998 ሸሪፍ ሸርማን ብሎክ ምርጫው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ሞቱ። ስማቸው ከምርጫ ወረቀቱ ላይ አልወጣም ነበርና ብዙ መቶ ሺህ ሰው ሟቹን መረጠ። ያሸነፉት ተፎካካሪያቸው ሊ ባካ ነበሩ። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ለረጅም ጊዜ፣ ወንበር ላይ ያለ ሸሪፍ ተሸንፎ አያውቅም ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሸነፉት በ2018 ጂም ማክዶኔል ናቸው።

ቁልፉ ያለው በዚህ ሰው እጅ ነው። ቦርሳው ግን የካውንቲው ሱፐርቫይዘሮች ቦርድ ዘንድ ነው። ቦርዱ አምስት አባላት አሉት። እያንዳንዳቸው 2 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ይወክላሉ። የሸሪፉን በጀት የሚያጸድቁት እነሱ ናቸው፣ በዓመት 4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ። ሕንፃ ይሠራ አይሠራ የሚሉትም እነሱ ናቸው። ሸሪፉን ግን እንዲህ አድርግ ብለው ማዘዝ አይችሉም። የስቴቱ ሕግ በምርመራ ሥራው ጣልቃ እንዳይገቡ ይከለክላል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ይህ ነው። በእስር ቤቱ ውስጥ ያለው ሕክምና የሸሪፉ አይደለም። ቦርዱ በ2015 ሕክምናውን ወደ ካውንቲው ጤና መምሪያ ለማዛወር ወስኗል። አንድ እስረኛ ሌሊት ክፍሉ ውስጥ ሞቶ ቢገኝ፣ በየሰዓቱ እየዞረ ማየት የነበረበት ጠባቂ የሸሪፉ ሠራተኛ ነው። መድኃኒቱን መስጠት የነበረባት ነርስ ደግሞ የጤና መምሪያው ሠራተኛ ናት። ጥፋቱ የማን ነው ሲባል ኳሷ ከአንዱ ወደ ሌላው ትመላለሳለች።

በሩን የሚከፍቱትና የሚዘጉት ደግሞ ሌሎች ናቸው። ማን ይታሰር፣ ማን በዋስ ይውጣ የሚለው በፖሊስ፣ በዐቃቤ ሕግና በዳኛ እጅ ነው። ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ የሎስ አንጀለስ ፍርድ ቤት ለቀላልና ኃይል ላልተቀላቀለባቸው ወንጀሎች የገንዘብ ዋስ መጠየቅን በአብዛኛው አስቀርቷል። በኖቬምበር 2024 ደግሞ የስቴቱ መራጭ ፕሮፖዚሽን 36 የተባለውን ሕግ አጸደቀ። ለተደጋጋሚ ሌብነትና ለአደንዛዥ ዕፅ ቅጣቱን ከፍ አደረገ። አንዱ ሰው ያስወጣል፣ ሌላው ያስገባል። ሸሪፉ ሁለቱንም አልወሰነም። የመጣለትን ይቀበላል።

አሁን "ለምን አያነሱትም?" ወደሚለው እንመለስ። እስከ 2022 ድረስ ቦርዱ ሸሪፍን የማንሳት ሥልጣን ጨርሶ አልነበረውም። ያን ያመጣው የሸሪፍ አሌክስ ቪያኑዌቫ ዘመን ነው። ቪያኑዌቫ በ2018 ማክዶኔልን አሸንፈው የገቡ ሲሆን ከቦርዱና ከተቆጣጣሪዎች ጋር ዓይንና ናጫ ሆኑ። በ2020 መራጩ ሜዠር አር በተባለ ሕግ ለሲቪል ተቆጣጣሪ ኮሚሽኑ የመጥሪያ ሥልጣን ሰጠ። መጥሪያው ሲደርሳቸው ሸሪፉ አልቀርብም አሉ። በኖቬምበር 2022 ሜዠር ኤ ጸደቀ። ከአምስቱ ሱፐርቫይዘሮች አራቱ ከተስማሙ፣ በቂ ምክንያት ካሳዩ፣ ሸሪፉም መልስ የሚሰጥበት ዕድል ካገኘ ሊያነሱት ይችላሉ። በዚያው ምርጫ መራጩ ቪያኑዌቫን ራሱ ስላነሳቸው ሕጉን መጠቀም አላስፈለገም።

ስለዚህ በሕግ ማንሳት ይቻላል። ጥያቄው ማንሳቱ ምን ይለውጣል የሚለው ነው። ባካ በ2014 ከለቀቁ ወዲህ እነዚህን ክፍሎች ሦስት የተመረጡ ሸሪፎች መርተዋቸዋል። ክሱ ግን አልቆመም።

ጀማሪ ዴፒዩቲ የሚማረው የት ነው?

ዴፒዩቲ ማለት የሸሪፉ መኮንን ነው። በሎስ አንጀለስ አንድ ሰው ከአካዳሚ ሲመረቅ በቀጥታ መኪና ይዞ ጎዳና አይወጣም። መጀመሪያ እስር ቤት ይመደባል። እዚያ አንዳንዴ ለዓመታት ይቆያል። ሃያ ሁለት ወይም ሃያ ሦስት ዓመት የሆነው ልጅ ስለ ሕዝብ የሚማረው በብረት በር በኩል እያየ ነው። ከእስረኛ ጋር እንዴት እንደሚነጋገር፣ መቼ እንደሚመታ፣ ባልደረባው ሲያጠፋ ምን ብሎ ሪፖርት እንደሚጽፍ የሚያሳዩት ከእሱ ቀድመው የገቡት ናቸው። ከዚያ ያንን ልማድ ይዞ ወደ ከተማ ይወጣል። ያዡም ጠባቂውም አንድ መሥሪያ ቤት ሲሆን የሚመጣው መዘዝ ይህ ነው።

ወንዶች የሚታሰሩበት ዋናው እስር ቤት፣ ሜንስ ሴንትራል ጄይል፣ በ1963 የተከፈተ ነው። 2000 እና 3000 በሚባሉት ፎቆች ላይ የሚሠሩ ዴፒዩቲዎች የየራሳቸውን ቡድን መሥርተው ነበር። ቡድኖቹ በፎቆቹ ቁጥር ይጠሩ ነበር። የእስረኞች ድብደባ ቅሬታ ሲበዛ ኤፍቢአይ በድብቅ ምርመራ ጀመረ። በ2011 ጠባቂዎች አንድ እስረኛ እጅ ላይ ሞባይል አገኙ። ስልኩን ያስገባለት ጉቦ የበላ ዴፒዩቲ ነበር። እስረኛው ደግሞ የኤፍቢአይ መረጃ ሰጪ ሆኖ ተገኘ።

ቀጥሎ የሆነው ፊልም ይመስላል። የሸሪፉ ሰዎች እስረኛውን ስሙን እየቀያየሩ ከቦታ ቦታ እያዘዋወሩ ኤፍቢአይ እንዳያገኘው ደበቁት። ምርመራውን ወደምትመራዋ የኤፍቢአይ ወኪል ቤት ድረስ ሄደው እናስርሻለን ብለው አስፈራሯት። ሊ ባካ በጃንዋሪ 2014 ሥልጣን ለቀቁ። ምክትላቸው ፖል ታናካ በ2016 አምስት ዓመት ተፈረደባቸው። ባካም በ2017 ፍትሕን በማደናቀፍና ለኤፍቢአይ በመዋሸት ጥፋተኛ ተብለው ሦስት ዓመት ተፈረደባቸው። የአገሪቱን ትልቁን የካውንቲ እስር ቤት ያስተዳድሩ የነበሩት ሁለት ሰዎች ራሳቸው እስር ቤት ገቡ።

ታናካ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ንቅሳት አለው። ቫይኪንግስ የተባለው የዴፒዩቲዎች ቡድን ምልክት ነው። ቫይኪንግስ የሊንውድ ጣቢያ ቡድን ሲሆን በ1991 አንድ የፌደራል ዳኛ ኒዮ ናዚ የነጭ የበላይነት ጋንግ ብለውታል። ጋንግ የሚለው ቃል እዚህ ዘለፋ ብቻ አይደለም። ንቅሳት፣ ተራ ቁጥር፣ የመግቢያ ሥርዓት፣ ያልገባውን ማግለል ያለበት ነገር ነው። ከዚያ በኋላም ባንዲቶስ፣ ኤክሲኪዩሽነርስ የሚባሉ ስሞች ተሰምተዋል። በ2021 ራንድ የተባለው የጥናት ተቋም ባደረገው መጠይቅ መልስ ከሰጡት ዴፒዩቲዎች 16 በመቶው ወደ እንዲህ ያለ ቡድን ግባ ተብለው እንደተጠየቁ ተናግረዋል። በዚያው ዓመት ካሊፎርኒያ የሕግ አስከባሪ ጋንግን የሚከለክል ሕግ አወጣች። ከባድ ጥፋት የፈጸመ ፖሊስ የሥራ ፈቃዱን የሚነጠቅበትን ሥርዓትም ዘረጋች። ከዚያ በፊት አንዱ ጋ የተባረረ ሌላ ከተማ ሄዶ ይቀጠር ነበር።

የዴፒዩቲዎቹ ማኅበር ለዚህ መልስ አለው። ንቅሳቱ የጣቢያ ፍቅር መግለጫ ነው፣ የጥቂቶች ጥፋት በሁሉም ላይ አይለጠፍ፣ የሰው ገላ ላይ ያለውን ስዕል ቀጣሪ ሊመረምር አይገባም ይላል። የመጨረሻው ነጥብ በሕግም ቀላል አይደለም፣ ፍርድ ቤት ደርሶ ያከራከረ ነው። ያም ሆኖ የመጀመሪያውን ክርክር ለመቀበል ያስቸግራል። ካውንቲው ከ1990 ወዲህ ከእነዚህ ቡድኖች ጋር በተያያዙ ክሶች 55 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፍሏል። የጣቢያ ፍቅር ይህን ያህል አያስከፍልም።

ማን እንደሚከፍልም ልብ ይበሉ። የቅርጫት ኳሱ ኮቢ ብራያንት በ2020 በሄሊኮፕተር አደጋ ሲሞት ዴፒዩቲዎች የአደጋውን ቦታ ፎቶ እርስ በርስ ተላላኩት። ባለቤቱ ከሰሰች። ካውንቲው በመጨረሻ 28.85 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ገንዘቡ ከግብር ከፋዩ ነው የወጣው። ያጠፋው ሰው ኪስ አልተነካም።

ቦርዱ ያቋቋመው የእስር ቤት ብጥብጥ አጣሪ ኮሚሽን በ2012 ለዚህ ሁሉ አንድ መፍትሔ ጠቁሞ ነበር። የእስር ቤት ሥራ ራሱን የቻለ ሙያ ይሁን፣ ሰው ወደ ጎዳና ለመውጣት ቀኑን እየቆጠረ የሚያልፍበት ቦታ አይሁን የሚል። በእኔ ግምት ከምክሮቹ ሁሉ ጠቃሚው እሱ ነበር። አሁንም ግን አዲስ ዴፒዩቲ በአብዛኛው የሚጀምረው ከእስር ቤት ነው።

ዳኛው ሲገባበት

በሎስ አንጀለስ እስር ቤቶች የተለወጠውን ነገር ሁሉ ወደኋላ ብትከተሉት ጫፉ ላይ ብዙ ጊዜ የምታገኙት ፍርድ ቤት ነው። ኤሲኤልዩ የሚባለው የሲቪል መብቶች ድርጅት ስለ እስር ቤቶቹ የከሰሰው በ1975 ነው። ያ መዝገብ ዛሬም አልተዘጋም። በ2012 ስለ ድብደባ ሌላ ክስ ቀረበ። በ2015 በስምምነት አለቀ። በዚያው ዓመት የፌደራሉ የፍትሕ ሚኒስቴርም ስለ አእምሮ ሕመምተኞችና ራስን ማጥፋት ከካውንቲው ጋር ስምምነት ፈረመ።

እንዲህ ያለው ስምምነት ተራ ውል አይደለም። ዳኛ ያጸድቀዋል። ገለልተኛ ተቆጣጣሪ ይሾማል። ተቆጣጣሪው በየጊዜው እየገባ፣ ቪዲዮ እያየ፣ ሪፖርት እያነበበ የተፈጸመውንና ያልተፈጸመውን ለዳኛው ይጽፋል። ካውንቲው ካልፈጸመ ዳኛው ፍርድ ቤት በመድፈር ሊቀጣው ይችላል።

በ2022 የታየው ነገር የዚህን ጉልበት ያሳያል። አዲስ እስረኛ በሚመዘገብበት ማዕከል የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከወንበር ጋር በሰንሰለት ታስረው ለቀናት እንደሚቆዩ፣ ሌሎች በቆሻሻ መሐል ሲሚንቶ ላይ እንደሚተኙ ኤሲኤልዩ ለዳኛው አመለከተ። ልኩ በዳኛ ትዕዛዝ ተቀመጠ። ማንም ከ24 ሰዓት በላይ እዚያ አይቆይም። ማንም ከአራት ሰዓት በላይ ከወንበር ጋር አይታሰርም። ሰዓቱ የሚቆጠር ስለሆነ መዋሸት ይከብዳል። ሁኔታውም ተሻሻለ።

ድብደባን ማስቆም ግን እንዲህ አልቀናም። ከ2015ቱ ስምምነት ዓመታት በኋላም ተቆጣጣሪዎቹ እስረኛን ጭንቅላቱን መምታት እንዳልቀረ፣ የመታውም ሰው ብዙ ጊዜ ምክር ብቻ እንደሚሰጠው ይጽፉ ነበር። ልዩነቱ ግልጽ ነው። ሰዓት በወረቀት ይለካል። አንድ ምት አስፈላጊ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን የሚፈርደው ግን የመቺው የቅርብ አለቃ ነው። እሱም በዚያው ፎቅ ያደገ ነው።

ይህን አካሄድ የሚተቹ አሉ። ያልተመረጠ ዳኛና በሰዓት የሚከፈለው ተቆጣጣሪ የተመረጠውን ሰው ሥራ ይወስዳሉ፣ ሃምሳ ዓመት የፈጀ መዝገብም መፍትሔ አይባልም ይላሉ። ትችቱ መሠረት አለው። ሆኖም እስረኛ በምርጫ ክብደት የለውም። ሸሪፍ ስለ እስር ቤት ንጽሕና ብሎ ድምፅ አያገኝም። ድምፅ የሚያገኘው ስለ መኪና ስርቆት ሲናገር ነው። ዳኛው የሚገባው ይህ ክፍተት ስላለ ነው።

የ1963ቱ ሕንፃ

ሜንስ ሴንትራል እንዲዘጋ የማይፈልግ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ኮሪደሩ ረጅምና ጠባብ፣ ክፍሎቹ በመደዳ የተደረደሩ ናቸው። ጠባቂው አንድን ክፍል ለማየት ፊት ለፊቱ መቆም አለበት። ከአንድ ቦታ ሆኖ ሁሉን ማየት አይችልም። ራሱን ሊሰቅል የተዘጋጀን ሰው ለማየት ወይም ፌንታኒል የተባለውን ኃይለኛ ዕፅ ወስዶ ትንፋሹ የቆመን ለማትረፍ ደቂቃዎች ወሳኝ ናቸው። ጠባቂ ሲያንስ ደግሞ ዙሩ ይዘለላል። ሸሪፉም የሠራተኛ እጥረቱንና የሕንፃውን እርጅና ደጋግሞ ያነሳል። ውሸት አይደለም።

ጭቅጭቁ በምን ይተካ የሚለው ላይ ነው። በ2019 ቦርዱ ቦታውን የሚተካ የአእምሮ ሕክምና እስር ቤት ለማሠራት የገባውን የ1.7 ቢሊዮን ዶላር ውል ሰረዘ። ስሙን ብትቀይሩት ያው እስር ቤት ነው ያሉት የማኅበረሰብ ድርጅቶች አሸነፉ። በ2021 ቦርዱ ሜንስ ሴንትራልን ያለ ምትክ ለመዝጋት ወሰነ። የታሰበው በሁለት ዓመት ውስጥ ነበር። ሁለት ዓመቱ አለፈ። ሕንፃው ዛሬም ሰው ያድርበታል።

ያለ ምትክ መዝጋት ይቻላል የሚሉት ባዶ ሜዳ ላይ ቆመው አይደለም። በካውንቲው እስር ቤቶች ካሉት ሰዎች ከ40 በመቶ በላይ የአእምሮ ሕመም አለባቸው። በ2020 የወጣ የራንድ ጥናት ከእነዚህ 61 በመቶ የሚሆኑት ከእስር ወጥተው በማኅበረሰብ ውስጥ ሊታከሙ የሚችሉ ናቸው ብሏል። ይህ አሠራር ዳይቨርዥን ይባላል። ዳኛው ሰውየውን በማሰር ፈንታ መኖሪያ፣ መድኃኒትና የሚከታተለው ሠራተኛ ወዳለበት ይመራዋል። ካውንቲው ከ2015 ጀምሮ ይህን የሚሠራ ቢሮ አለው። ሌላ የራንድ ጥናት በቢሮው መኖሪያ ፕሮግራም የገቡትን ተከታትሎ ከዓመት በኋላ 74 በመቶው የተረጋጋ መኖሪያ እንዳላቸው፣ 86 በመቶው ደግሞ አዲስ ከባድ ወንጀል እንዳልተፈረደባቸው አግኝቷል።

ቁጥሩ በፍጥነት ሊወርድ እንደሚችልም ታይቷል። በ2020 ኮሮና ሲገባ ከ17,000 ገደማ የነበረው እስረኛ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 12,000 ወረደ። ያደረጉት ዳኞች፣ ዐቃቤ ሕጎችና ሸሪፉ አንድ ላይ ነው። ሦስቱ አንድ ላይ ሲስማሙ የታየው ያኔ ነው ማለት ይቻላል።

በሌላ በኩል ያሉትም የሚሉት አላቸው። በእስር ላይ ካሉት ብዙዎቹ በከባድ ወንጀል የተከሰሱ ናቸው። ዳኛ አይለቃቸውም። እነሱ የት ይግቡ? ያለ ምትክ ይዘጋ ማለት በተግባር ያረጀው ሕንፃ እንዳለ ይቀጥል ማለት ሆኖ ቀርቷል ይላሉ። የሸሪፉ ሰዎች አነስ ያለ፣ ለሕክምና የተመቸ አዲስ ሕንፃ ይፈልጋሉ። በተጎጂዎች ስም የሚናገሩም ሰው ቶሎ መልቀቁ የሚያስከትለውን ያነሳሉ።

ሁለቱን ስመዝን ድክመቱ የሐሳቡ አይመስለኝም። ቦርዱ እንዘጋለን ብሎ በወሰነበት ፍጥነት አልጋ አልሠራም። የሕክምና መኖሪያ አልጋ በሺዎች ያስፈልጋል። ቦታ መፈለግ አለ። ጎረቤት እኛ ሰፈር አይሆንም ይላል። ነርስና የማኅበራዊ ሠራተኛ ይጠፋል። ዳኛው ለማዞር ፈቅዶ፣ ጠበቃው ተስማምቶ፣ ሰውየው አልጋ እስኪገኝ ለወራት እስር ቤት ይጠብቃል። ይህ ወረፋ የሸሪፉ ጥፋት አይደለም። የቦርዱ ነው። አዲስ ሕንፃ የሚሉትም ቢሆኑ ዛሬ ቢጀመር ለዓመታት የማይደርስ ነገር ነው የሚያቀርቡት። በመሐል የሚሞተው ሰው ሁለቱንም አይጠብቅም።

እስከዚያው ድረስ ትንንሽ የሚመስሉ ነገሮች ሕይወት ያድናሉ። ከመጠን በላይ ኦፒዮይድ (እንደ ፌንታኒል ያለ ዕፅ) የወሰደን ሰው የሚመልሰው ናርካን የተባለው የአፍንጫ ርጭት ከ2021 ጀምሮ በእስረኞች ክፍል ይቀመጣል። ጠባቂው እስኪደርስ እስረኛ እስረኛን ያተርፋል። ይህን ለማድረግ አዲስ ሕንፃም ምርጫም አላስፈለገም።

ከዚህ በኋላ

ስቴቱ ለምን ገባ የሚለው አሁን ይቀላል። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በስቴቱ ያሉ ሸሪፎች ሕግ እንዲያከብሩ የመጠየቅ ሥልጣን አለው። የፌደራሉ መንግሥትና ኤሲኤልዩ ያስፈረሟቸው ስምምነቶች ዓመታት ፈጅተው ሙሉ በሙሉ አልተፈጸሙም። ቦንታ የጠየቁት ሁሉንም የእስር ቤት ሁኔታዎች የሚያካትት የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ነው።

መንገዱ ሁለት ሊሆን ይችላል። አንደኛው እንደተለመደው ሌላ ስምምነት፣ ሌላ ተቆጣጣሪ ነው። ሁለተኛው ከበድ ይላል፤ ባለአደራ መሾም። ባለአደራው ፍርድ ቤት የሚሾመው ሰው ሲሆን የሥራውን ከፊል ከባለሥልጣኑ እጅ ተቀብሎ ራሱ ያስተዳድራል። አዲስ ነገር አይደለም። የካሊፎርኒያ ማረሚያ ቤቶች ሕክምና ከ2006 ጀምሮ በእንዲህ ያለ ባለአደራ እጅ ገብቷል። በኒው ዮርክም ራይከርስ ደሴት ላሉት እስር ቤቶች በሜይ 2025 አንዲት የፌደራል ዳኛ ራሱን የቻለ ኃላፊ እንዲሾም አዘዋል። ከተማዋ ለዓመታት ስምምነት ስትፈርም ቆይታ ነው እዚያ የደረሰው። ሎስ አንጀለስ ያን ያህል አልራቀችም። ባለአደራ ግን የሕዝብ ተመራጭ ያልሆነ ሰው ብዙ ሥልጣን መያዙ ነውና ዳኞች በቀላሉ አይደፍሩትም።

ለስደተኛው ማኅበረሰብ ይህ ሁሉ አንድ ተጨማሪ ትርጉም አለው። ካውንቲው ዳኛ የፈረመበት ማዘዣ ካልቀረበ በስተቀር እስረኛን ለኢሚግሬሽን ፖሊስ ለአይስ እንዳያስረክብ ከ2020 ጀምሮ መመሪያ አለ። ስለዚህ አንድ ወረቀቱ ያላለቀለት ሰው በትንሽ ነገር ተይዞ ጄይል ቢገባ፣ እጣ ፈንታው በአብዛኛው የሚወሰነው ሸሪፉ ይህን መመሪያ እንዴት እንደሚተረጉመው ነው። ይህ በእርግጥም በምርጫ የሚለወጥ ነገር ነው።

የእስር ቤቱ ጉዳይ ግን ከሸሪፍ ምርጫ ይልቅ ሌላ ቦታ ይታያል። የካውንቲው አስተዳደር ራሱ እየተለወጠ ነው። መራጩ በ2024 ሜዠር ጂን አጽድቋል። በ2028 የካውንቲው ሥራ አስፈጻሚ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ይመረጣል። በ2032 ሱፐርቫይዘሮቹ ከአምስት ወደ ዘጠኝ ከፍ ይላሉ። ያኔ ቦርሳውን የሚይዘው አንድ በስም የሚታወቅ ሰው ይኖራል። እስከዚያ ድረስ ቦርዱ በየዓመቱ በጀት ሲያጸድቅ ለሕክምና መኖሪያ ስንት አልጋ እንደመደበ ማየት፣ ስንት እስረኛም አልጋ እየጠበቀ እንደታሰረ መጠየቅ ይቻላል። ሁለቱም ቁጥሮች ለሕዝብ በሚቀርቡ ሪፖርቶች ውስጥ አሉ።